የቅቤ ነጋዴዋ ሁለተኛ ዓይን

አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነበረች። አንጓች ትባላለች።

ትርሲት፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ተረኛ ሆነሽ በዋልሽበት ክሊኒክ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ የተነሣሽው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ አገር ሁሉ ይስቅበታል። «አክስቴ፣ አንድ ጊዜ የወጣ ነገር ተመልሶ ይጠፋል ወይ?» ብለሽኛል። ይጠፋል ብልሽ አታምኚኝም። አይጠፋም ብልሽ እንባሽን ልትጀምሪው ነው። ስለዚህ አፍንጫሽን ተናፈጭና ይችን ሴት ስሚ። እሷ ስልክ የሚባል ነገር አልነበራትም። የደረሰባት ግን ያው ያንቺው ነው።

አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ከቅቤዋ በቀር መተዳደሪያ የሌላት ሴት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ከአንዲት በርበሬ ሻጭ ጎን ትቀመጥና ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ትደረድራለች። ቅቤ መሸጥ ቀላል ሥራ እንዳይመስልሽ። ቅቤ ላይ ላዩ አምሮ መሐሉ ጉድ ሊሆን ይችላል። ሙዝ የሚቀላቅሉበት አሉ፤ ድንች ቀቅለው የሚጨምሩበትም አሉ። ይህን የሚያውቅ ገዢ ስንጥር ይዞ ይመጣል። ስንጥሩን እስከ መሐሉ ድረስ ወግቶ ያወጣና ያሸተዋል፤ በጣቱ ፈተግ ፈተግ አድርጎ ያየዋል። የቅቤ ሻጭ ክብር የሚታወቀው በዚህ ነው። ስንጥር የሚወጋባት ሻጭ አለች፣ የማይወጋባት ሻጭ አለች። የአንጓችን ቅቤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስንጥር ነክቶት አያውቅም።

ስለ እሷ ሌላ ሁለት ነገር ልንገርሽ፤ በኋላ ይፈለጋሉ። አንደኛው ምላሷ ነው። ቅቤዋ ለስላሳ ነበረ፣ ምላሷ ግን ከጎረቤቷ በርበሬ ይብሳል። ሁለተኛው ንቅሳቷ ነው። ልጅ ሆና አንገቷን ሲነቅሷት ሦስቱን መስመር ጥርሷን ነክሳ ቻለች። አራተኛው መሐል ላይ ሲደርስ ከነቃሿ ጉልበት ሥር ተስፈንጥራ በቆሎ ማሳ ውስጥ ገባች። ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጧት። አራተኛው መስመር ግማሽ እንደሆነ ቀረ። በዚያ አገር ሦስት ከግማሽ የተነቀሰች ሴት እሷ ብቻ ናት።

በዚያ ዓመት አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራና ከሩቅ አገር አንድ ሠዓሊ መጣ። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል፤ እሱም ስለ ራሱ ይህንኑ ይላል። አንድ ቅዳሜ ጨርቅ ላይ የሣለውን አንበሳ ጠቅልሎ አምጥቶ ገበያ መሐል ዘረጋው። ሰው እንዲያደንቅለት ነዋ። ሰውም አደነቀ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ዙሪያውን ቆሙ። አንጓች ከተቀመጠችበት አንገቷን ዘለግ አድርጋ አየችና፣ «ይኼ ውሻ ምን በልቶ ነው እንዲህ ያበጠው?» አለች።

ገበያው ሳቀ። አህያ የሚያራግፈው ሰውዬ ጭነቱን ግማሽ ላይ ትቶ ሳቀ። ሠዓሊው ጨርቁን ጠቀለለ፣ አንጓችን ከእግር እስከ ራሷ አንድ ጊዜ አየት አደረጋትና ሄደ። ለእሷ የአፍ ልማድ ነበረ፤ ቤቷ ሳትደርስ ረሳችው። እሱ አልረሳውም። አፏን ሰብሰብ ብታደርግ መልካም ነበረ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቀልድ በቀልድ ይመለሳል እንጂ የሰው ስም በማጥፋት አይመለስም።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕግ እንዳለው ታውቂያለሽ። ጻድቅ ሲሣል ፊቱ ወዳንቺ ዞሮ ነው፤ ሁለት ዓይኑን ገልጦ ያይሻል። ኃጢአተኛና ሰይጣን ግን የሚሣሉት በጎን ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ይህን ማንበብ ይችላል። እኔም እችላለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ የተመረቀ ዕለት ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ መጣ። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ ላይ የፍርድ ቀን ተሥሏል። ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወደ እሳት የሚነዱት ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን። አንጓች መጀመሪያ ያየችው ሥዕሉን አይደለም፣ የሰዎቹን ጀርባ ነው። ከዚያ ጀርባው አንድ በአንድ ፊት እየሆነ ወደ እሷ ዞረ። ለምን እንደሚያዩዋት ስላልገባት ነጠላዋ ተገልብጦ እንደሆነ ብላ አስተካከለችው። ሰዎቹ ቀስ ብለው መንገድ ለቀቁላት፤ ያን ጊዜ አየች። ከሰልፉ መሐል አንዲት ሴት በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ተሸክማለች። ከኋላዋ አንድ ሰይጣን ሙዝ ይዞ ቅቤው ውስጥ ይጎሰጉስላታል። የሴትዮዋ ዓይን አንድ ነው። አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ግማሽ።

አንጓች አልጮኸችም። ለምላሷ የሚሆን ነገር አጥታ ያየኋት የዚያን ቀን ብቻ ነው፣ ትል ነበር በርበሬ ሻጯ። ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳብ አድርጋ፣ ድግሱ ሳይቀርብ ወደ ቤቷ ሄደች።

በቀጣዩ ቅዳሜ መጀመሪያ የመጣችው የዘወትር ደንበኛዋ ናት፤ ልጇን አንጓች ክርስትና ያነሣችላት። ሰላም አለቻት። ስለ ጤናዋ ጠየቀቻት፣ ስለ ጥጃዋም ጠየቀቻት። ከዚያ ከሹሩባዋ ውስጥ ስንጥር መዘዘች።

«ምን ላድርግ፣ እትዬ አንጓች» አለች መሬት መሬት እያየች። «ሳትወጊ እንዳትገዢ ያለኝ ባለቤቴ ነው።»

ስንጥሩ ገባ፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሴትዮዋ ገዝታ ሄደች። ነገር ግን የተወጋ ቅቤ ቀዳዳው ለሚቀጥለው ሰው ይታያል። ቀጥላ የመጣችውም ወጋች፣ ከእሷ ቀጥላ የመጣችውም። ገበያው ሲበተን የአንጓች ቅቤ ወንፊት ሆኖ ነበር።

አሁን ይህች ሴት ምን እንዳደረገች አስተውዪ። ከቤት ወደ ቤት መሄድ ጀመረች። በየደጁ እየቆመች፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሰካራሙና ከሌባው መሐል ያለችው ሴት እኔ አይደለሁም፣ እባካችሁ እንዳታዩዋት ብላ ለመነች። ግማሹ ሰው ነገሩን ገና አልሰማም ነበረ። አንድ ቀልደኛ ሸክላ ነጋዴ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ እስካሁን አጥቻት ሁለት እሑድ ሙሉ ስፈልጋት ነበር፣ ቦታዋን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥልኝ አላት። በሚቀጥለው እሑድ በምዕራብ በኩል መቆሚያ ጠፋ። ወንዶቹ ሁሉ ድንገት ስለ ፍርድ ቀን ማሰብ ጀመሩ።

በዚህ አላበቃችም። አንድ ጠዋት ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ እሷ ዐምድ ተደግፋ ቀረች። አመድ በጨርቅ ቋጥራ መጥታ ነበር። ጨርቁን በምራቋ አራሰችና የሥዕሉን ፊት ትፈትግ ገባች። ቀለሙ አልለቀቀም፤ ተዘረጋ። አፍንጫው ወደ ጉንጩ ሄደ፣ ጉንጩ ወደ ሌባው ትከሻ ሄደ። በመጨረሻ ፊት ነው ሊባል የማይችል ጥቁር ነገር ሆኖ ቀረ። ንቅሳቱ ግን ደህና ነበረ። ፊቱ ጠፋ፣ አንገቱ ቀረ፤ ማን እንደሆነች የሚናገረው ደግሞ አንገቱ ነው።

ደህና የሆነ ሥዕል ሰው አንድ ጊዜ አይቶት ያልፋል፤ የተፋቀ ሥዕል ፊት ግን ቆሞ ይጠይቃል። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ፣ ይህቺ ጥቁር የሆነችው ማን ናት ይላል። ይነግሩታል። ለምን ጠቆረች ይላል። ይህንንም ይነግሩታል፤ እንደውም ጨማምረው። የአንጓች ስም ደርሶባቸው የማያውቅ መንደሮች ስሟን ሰሙ።

ከዚህ በኋላ ቤቷን ዘጋች። ሦስት ቅዳሜ ገበያ አልወጣችም። አንገቷን በነጠላ ጠምጥማ፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ እንኳ ሳትፈታው ትውላለች። ጎረቤት ሲያንኳኳ የለሁም ትላለች፤ የለሁም ብሎ የሚመልስ ሰው እንደሌለ ቢጠፋት ነው። ቅቤው ማድጋ ውስጥ ይሸታል። እሷ ደግሞ ቁጭ ብላ፣ ምናልባት እውነትም ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን እያለች ሃያ ዓመቱን ወደ ኋላ ትፈትሻለች። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፣ ትርሲት። ሰው ሲደጋግሙበት በራሱ ቅቤ ላይ ስንጥር ይዞ ይነሣል።

በአራተኛው ሳምንት በርበሬ ሻጯ መጣች። ሳታንኳኳ ገባች። አንጓችን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ ስለዚህ ነገር ማንን ማንን አናገርሽ ብላ ጠየቀቻት። አንጓች ቆጠረችላት፤ ያላናገረችው ሰው የለም። በርበሬ ሻጯ ሰምታ ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ አለች።

«ለሚያየው ሁሉ ተናገርሽ። ለባለ ቁልፉ ተናገርሽ?»

አንጓች ባለ ቁልፉን አላሰበችውም ነበር።

ባለ ቁልፉ ገበዙ ናቸው። ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ሁሉ በእጁ ያለ ሹም ነው፤ ግድግዳው ላይ ምን ይውጣ፣ ምን ይውረድ የሚለው እሱ ነው። የዚያ ደብር ገበዝ ሽማግሌ ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ሥዕሉ ሁሉ ከሩቅ ቀለም ቀለም ብሎ ነው የሚታያቸው። ሐሜቱም አልደረሳቸውም፤ ሐሜት ሹም ዘንድ የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው። አንጓች ስትሄድባቸው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ቁልፎቻቸውን በቅባት ይወለውላሉ። እግራቸው ሥር ወድቃ አለቀሰች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ» አለች።

«ምን አጥፍተሽ?»

«ሥዕሉን በአመድ ፈትጌዋለሁ።»

«እሱን ይቅር ብዬሻለሁ። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሌላ ከሌለማ ለምን መሬት ላይ ትንከባለያለሽ? ተነሺና የመጣሽበትን ተናገሪ።»

አንጓች ተነሣች። ቤቷ ሆና ስታዘጋጅ የከረመችው ንግግር ረጅም ነበረ፤ ስለ አንበሳው፣ ስለ ሙዙ፣ ስለ ሃያ ዓመቱ፣ ስለ ሟቹ ባሏ ሳይቀር። ሁሉም ጠፋባት። እጇ ብቻ ወደ አንገቷ ሄደና ነጠላውን ፈታው። አንድ ወር ሙሉ ያልተፈታ ነጠላ ነው።

«እዚያ ግድግዳ ላይ ያለው ፊት የኔ ነው» አለች። «አልሰጠሁትም። አንሡልኝ።»

ይኸው ነው ያለችው። ገበዙ ቁልፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ጥቂት ቆይተው፣ እንግዲህ የሰው ፊት ያለ ፈቃዱ የሰቀልኩት እኔ ነኛ፣ ግድግዳው በእኔ እጅ ነው፣ አሉ። ነገር ግን እሷ መሆኗን ማረጋገጥ አለባቸው። አንዱ እየመጣ የኔ ነው ባለ ቁጥር ሥዕል ሲያወርዱ ቢውሉ ቅዱሳኑም አይቀሩም። ስለዚህ ነይ ወደ ብርሃኑ፣ ፊትሽን አሳዪኝ አሏት። ተመልከች እንግዲህ፤ ፊቷን ለማስነሣት መጀመሪያ ፊቷን ማሳየት ነበረባት። ሦስት ቅዳሜ ያልወጣችው ለዚህ ነበር እኮ፤ ላለመታየት። መታየቱ ግን እንደፈራችው አልሆነም። መደበቅና ወደ ብርሃን መውጣት አንድ አይደለም።

ወደ ሥዕሉ ሄዱ። ፊቱ የለም፤ ራሷ አጥፍታዋለች። ምስክሯን በገዛ እጇ ነው የፈተገችው። ደግነቱ አንገቱ አለ። ገበዙ ሻማ አስጠግተው የሥዕሉን መስመሮች ቆጠሩ፤ ከዚያ ሻማውን ወደ እሷ መልሰው የእሷን ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ግማሽ። ሠዓሊው ገና የደጁን በር እየቀባ ነበርና አስጠሩት። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ ሴትዮዋ ማንም አይደለችም፣ ከራሴ ያመጣኋት ናት አለ።

«ከራስህ ካመጣሃት» አሉ ገበዙ፣ «አራተኛው መስመር ላይ ማን ሮጦ አመለጠህ?»

ሠዓሊው ዓይኑን ወደ ብሩሹ መለሰ።

ሥዕሉ የተሣለው አቡጀዲ ላይ ነው፤ ጨርቁ ግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ለብ ያለ ውሃ አመጡ፣ ዳርዳሩን አራሱ፣ ቀስ አድርገው ላጡት። ምሳ ሳይደርስ አንጓች ከእሳት ወጣች። በቦታዋ ሠዓሊው ድንጋይ ሣለበት። ሰዎች መጥተው ድንጋዩን አዩ፤ ለአንድ ሁለት ሳምንት ስለ ድንጋዩ አወሩ፤ ድንጋይ ደግሞ ወሬ የለውምና ተዉት።

አንጓች አመስግና ልትሄድ ስትል ገበዙ ቆይ አሏት። ሠዓሊውን ዞረው፣ ንድፉስ ወዴት አለ ብለው ጠየቁት። ሠዓሊ በየግድግዳው አዲስ ነገር አይፈጥርም። አንድ ጊዜ የነደፈውን ያስቀምጥና በሌላም ግድግዳ ላይ ያንኑ እየገለበጠ ይሥላል። ሠዓሊው አንገቱን ደፋ። ንድፉ ከሚተኛበት አንሶላ ሥር ነበረ። በዚያው ንድፍ ሁለት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ላይ አንጓችን ሥሏታል፤ አንዱ ቆላ ወርደሽ፣ አንዱ ከወንዝ ማዶ። ሙዝ የያዘው ሰይጣን ሰው ስላሳቀለት ነው የደጋገመው።

ገበዙ ንድፉን ተቀብለው ለአንጓች ሰጧት። እቤቷ ወስዳ ምን እንዳደረገችው ለማንም አልተናገረችም፤ የዚያን ቀን ግን ወጧ ቶሎ ደረሰ ይባላል። ገበዙ ሁለት ደብዳቤ አጽፈው ማኅተም አደረጉበትና፣ ሂጂ፣ በየቦታው ለባለ ቁልፉ ስጪ፣ መንገድ ላይ ለማንም አታሳዪ አሏት።

የቆላው ገበዝ ጾሙ ሲፈታ ተመለሽ አሏት። ተመለሰች። መሰላል ጠፋ፣ ነገ ነይ አሏት። ነገም መጣች። እንዲህ ያለውን ሰው መቆጣት አይጠቅምም፤ መመላለስ ነው የሚጠቅመው። በአራተኛው ጉዞዋ፣ ይህቺ ሴት ካልተነሣላት እኛም አርፈን አንቀመጥም ብለው ላጡላት።

የወንዝ ማዶው ግን ተቸገሩ። እዚያ ሥዕሉ ጨርቅ ላይ አይደለም፣ በቀጥታ ልስኑ ላይ ነው። እሷን እንፋቅ ቢሉ ልስኑ ይረግፋል፤ ልስኑ ከረገፈ ከእሷ በላይ የቆመው መልአክ እግር አብሮ ይወርዳል። ገበዙ ክፉ ሰው አልነበሩም። እውነቱ ካንቺ ጋር ነው፣ ነገር ግን መልአኩን አንካሳ ማድረግ አልችልም አሏት።

አንጓች ከሥዕሉ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ የለቅሶው ጊዜ አልፎባታል። አየችው፣ አየችው። ከሰካራሙና ከሌባው መሐል በጎን ቆማ በአንድ ዓይኗ ወደ እሳቱ ትሄዳለች። ከዚያ ተነሥታ ጥያቄ ጠየቀች።

«አባቴ፣ ማንሣት ካልተቻለ ማዞር ይቻላል?»

ገበዙ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው በጢማቸው ውስጥ ሳቁ። ሠዓሊው ተጠራ፤ ሥራውን ሳያቃና ከአገር እንዳይወጣ ተብሎ ነበርና መጣ። አንጓች ከበሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ በሚገባበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ እሱ፣ አንገቷን ገልጣ። እሱም ብሩሹን ይዞ ፊት ለፊት ሲያያት ጊዜ እጁ ዘገየ። የአንጓች ምላስ ግን ተመልሷል።

«ዓይኔን እንደዚያ ውሻህ እንዳታሳብጠው» አለችው።

ሠዓሊው ሊቆጣ ፈልጎ ሳቅ አመለጠው። ብሩሹ ሸተት አለ። የአንጓች ሁለተኛ ዓይን ከመጀመሪያው ትንሽ የሚሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ሳቁን ሲጨርስ ቀለሙን እያማሰለ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«አንበሳውን ሳላየው ነው የሣልኩት» አለ። «አንቺንም ሳላይሽ ነው የሣልኩሽ።»

ሙዙንም አጠፋው። ሰይጣኑ ባዶ እጁን ዘርግቶ ቀረ፤ ቅቤ የሚለምን ይመስላል።

እስከ ዛሬ ወንዝ ማዶ ብትሄጂ ታገኛታለሽ ይላሉ። ያ ሁሉ ባለ አንድ ዓይን በጎን በጎን ወደ እሳት ሲነዳ፣ አንዲት ሴት መሐል ላይ ቆማ ሁለት ዓይኗን ገልጣ ታይሻለች፤ አንዱ ሰፋ ያለ። መንገደኛ ባየ ቁጥር ይጠይቃል። ይህቺ ጻድቅ እዚህ ምን ትሠራለች ይላል። የደብሩ ሰዎችም፣ እሷ በስህተት የገባች ናት ብለው ታሪኩን ከአንበሳው ጀምረው ይነግሩታል። የሚሳቅበትም ሠዓሊው ነው።

ገበያው እንዴት ሆነ ትዪኝ እንደሆነ፣ በአንድ ቀን አልተመለሰም። ያቺ የክርስትና ልጇ እናት መጀመሪያ መጣች። ልማድ ሆኖባት እጇን ወደ ሹሩባዋ ላከችና ስንጥሩን አወጣች። አንጓች ቅቤውን ወደ እሷ ገፋ አድርጋ ውጊ እንጂ አለቻት። ሴትዮዋ ስንጥሩን አየችው፣ ቅቤውን አየችው። ከዚያ ስንጥሩን ወደ አፏ መልሳ ጥርሷን ጎረጎረችበት፣ ልክ ያወጣችው ለዚሁ እንደነበረ። አንጓችም እንዳላየች ሆና መዘነችላት።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ ትርሲት።

ፎቶሽ ያቺ ሥዕል ናት። ቀንና ሌሊት ስንት በሽተኛ ተሸክመሽ ወንበር ላይ የወደቅሽባትን አንዲት ቅጽበት ወሰዱና «ነርሷ ተኝታለች» ብለው ሰቀሉሽ። የተኛሽበትን አሳዩ፣ ስትሠሪ ያደርሽበትን አላሳዩም። ባለ አንድ ዓይን አደረጉሽ ማለት ይህ ነው። አንቺም እንደ አንጓች ጀመርሽ። ትናንት ለስልሳ ሰው «እባካችሁ እንዳትከፍቱት» ብለሽ የላክሽውን መልእክት ልጄ አሳይቶኛል። ሃምሳው እኮ ከዚያ በፊት አላየውም ነበር፣ የኔ ልጅ። እኔ ራሴ ያየሁት ካንቺ መልእክት በኋላ ነው፤ ይቅር በይኝ፣ ትንሽ ስቄያለሁም። ደግሞ ተናድደሽ ከስልክሽ ላይ ሁሉንም ልታጠፊው ነበር። አታጥፊው። ማን መቼ እንደለጠፈው የሚያሳየውን ስክሪንሾት አንሥተሽ አስቀምጪ፤ አንገቱን አትፈትጊ።

ከዚያ ባለ ቁልፉን ፈልጊ። ግድግዳ ሁሉ ገበዝ አለው። የለጠፈው ልጅ ንድፉ በስልኩ ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቂ። እምቢ ካለ የገጹን ባለቤት፣ እሱም እምቢ ካለ ከእሱ በላይ ያለውን፤ ሪፖርት የምትሉት ያው ደብዳቤው ነው። መታወቂያሽን አሳዪ ቢሉሽ አትፈሪ፣ ወደ ብርሃኑ ነይ ማለታቸው ነው። አንዱ ዛሬ ያነሣልሻል። አንዱ ጾም ሲፈታ ነይ ይልሻል፤ ተመላለሽበት። አንድ ቦታ ደግሞ የማይነሣ ይቀራል፤ አይቀርም ብዬ አልዋሽሽም። እዚያ ፊትሽን አዙሪ። በራስሽ ስም፣ በራስሽ ፊት፣ ያን ቀን ስንት ሰዓት እንደሠራሽ ጻፊበት። ያየሽ ሁሉ፣ ይህቺ እዚህ የገባችው በስህተት ነው ይበል።

አየሽ፣ አንጓችን ያወጣት አመዱ አይደለም፣ ልመናውም አይደለም። ነጠላዋን የፈታች ዕለት ነው የወጣችው።

በይ ተነሺ፣ ስልክሽን አምጪ። እኔ መጻፍ አልችልበትም፤ እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ። ይቅርታ ብለሽ አትጀምሪ፤ የጻፍሽውን ደምስሺው። እንዲህ በይ፦ «ፊቱ የኔ ነው። አልሰጠሁትም። አንሡልኝ።»

በቃ። ከዚህ በላይ አታርዝሚው። ላኪው።